የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት ደረጃዎች ለንግድ ድርጅቶች የሚሰጡት ጥቅም፦ በላሊበላና በላስታ ደጋማ አካባቢ

የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት አንድ ድርጅት ለደንበኛው የገባውን ቃል በየዕለቱ፣ በየወቅቱና በየትኛውም ሠራተኛ እጅ በተመሳሳይ ደረጃ ለመፈጸም የሚዘረጋው አሠራር ነው። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቱ ለንግድ ድርጅቶች የሚሰጠውን ጥቅም በሰሜን ወሎ ዞን በላሊበላ ከተማና በላስታ ደጋማ አካባቢ ካሉት የሥራ መስኮች አንጻር ያብራራል። በተለይ ለሆቴሎችና ለእንግዳ ማረፊያዎች፣ ለአስጎብኚዎች እንዲሁም ለማር አምራችና አቀነባባሪ ማኅበራት እንዲያገለግል ታስቦ ተዘጋጅቷል።

የደረጃው ምንነት

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ አይኤስኦ 9001 ነው። ደረጃውን ያወጣው ዋና መሥሪያ ቤቱ በጄኔቫ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ በኋላ በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 ተሻሽሏል። ደረጃው በፈቃደኝነት የሚተገበር ነው፤ ለትልቅ ፋብሪካም ሆነ ጥቂት ሠራተኞች ላሉት ድርጅት፣ ለምርትም ሆነ ለአገልግሎት ያገለግላል።

ደረጃው የማርን ጣዕም ወይም የአልጋን ስፋት አይወስንም። የሚጠይቀው ድርጅቱ ደንበኞቹ የሚፈልጉትን ለይቶ እንዲያውቅ፣ ሥራውን በዕቅድ እንዲመራ፣ ኃላፊነትን ለይቶ እንዲሰጥ፣ የሠራውን በመረጃ እንዲፈትሽና ጉድለቱን ከሥሩ እንዲያርም ነው። መሠረቱም ሰባት መርሆዎች ናቸው፦ ደንበኛን ማዕከል ማድረግ፣ ብቁ አመራር፣ የሠራተኞች ተሳትፎ፣ ሥራን እንደተያያዘ ሂደት መመልከት፣ ተከታታይ መሻሻል፣ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ውሳኔ እና ከአቅራቢዎችና ከሌሎች ባለድርሻዎች ጋር መልካም ግንኙነት። የአሠራሩ ዑደት ማቀድ፣ መተግበር፣ መፈተሽና ማስተካከል ተብሎ በአጭሩ ይገለጻል።

ጉዳዩ ለአካባቢው ለምን ያስፈልጋል?

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ማር ሻጩና ገዢው ብዙ ጊዜ ይተዋወቃሉ። ገዢው ቀምሶ፣ የሻጩን ቀዬ ጠይቆ ይገዛል፤ ቅር ያለው እንደሆነም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻጩን እዚያው ያገኘዋል። የጥራቱ ዋስትና ትውውቅ ነው። ይህ ዋስትና በአካባቢው ገበያ ለዘመናት አገልግሏል፤ ዛሬም ያገለግላል።

የላሊበላ ዋነኛ ገቢ የሚመጣው ግን ከማይተዋወቁ ሰዎች ነው። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ከሩቅ አገር የሚመጣው ጎብኚ ክፍሉን የሚይዘው ሆቴሉን ሳያይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚመጣው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ያለ የማር ገዢም እንዲሁ ቀፎውን ሳያይ ነው ውል የሚገባው። እንዲህ ያለው ደንበኛ የሻጩን ቀዬ ሊጠይቅ አይችልም። በትውውቅ ፈንታ የሚያየው ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት ይህን ክፍተት የሚሞላ አሠራር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የገቢው ወቅታዊነት ነው። የጎብኚው ፍሰት በአብዛኛው ከክረምት መውጫ እስከ ገናና ጥምቀት ባሉት ወራት ይከማቻል። የአካባቢው ዋና የማር ቆረጣም ክረምቱ እንዳለፈ የሚከናወን ነው። በእነዚህ ጥቂት ወራት የተፈጠረ ስሕተት እስከ ቀጣዩ ዓመት የሚካካስበት ዕድል ጠባብ ነው። ከዚህም በላይ የኮቪድ 19 ወረርሽኝና ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማዋን ጭምር ያዳረሰው ጦርነት የቱሪዝም ገቢውን ክፉኛ ጎድተውታል። በመሆኑም የሚመጣውን እያንዳንዱን እንግዳ አስደስቶ መሸኘት ከምንጊዜውም በላይ ዋጋ አለው።

ዋና ዋና ጥቅሞች

*ብክነትን ይቀንሳል*

ላስታ በነጭ ማሩ ይታወቃል። በትውፊት «ላሊበላ» የሚለው ስም ራሱ ንብ ንግሥናውን ዐወቀለት ከሚል ትርጉም ጋር ይያያዛል። ሆኖም መልካም ስም ያለው ማርም በአያያዝ ጉድለት ይበላሻል። ንቦች እንጀራውን በሰም ሳይከድኑት የተቆረጠ ማር ውሃው ስለሚበዛ ይቦካል። ከመጠን በላይ የሞቀ ወይም በሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ማር ደግሞ ሃይድሮክሲሜቲልፈርፉራል የተባለው ውህድ ይጨምርበታል። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በማር ውስጥ ያለው ውሃ በአጠቃላይ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የዚህ ውህድ መጠንም በኪሎ ግራም ከ40 ሚሊ ግራም፣ ከሞቃታማ አገሮች ለሚመጣ ማር ከ80 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ያዝዛል።

ሥርዓት የዘረጋ ማኅበር ማሩ በምን ደረጃ ላይ ሲደርስ እንደሚቆረጥ ለአባላቱ ያሠለጥናል። በመረከቢያ ቦታ እያንዳንዱን ማስቀመጫ በሪፍራክቶሜትር ለክቶ ውጤቱን ይመዘግባል። ውሃው የበዛውን ለይቶ ያስቀምጣል እንጂ ከጥሩው ጋር አይቀላቅልም። የተለየው ማር ለጠጅ ቤቶች ሊሸጥ ስለሚችል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ግን ጥሩውንም ይዞት በሄደ ነበር።

*ችግር ሲያጋጥም ጉዳቱን ይወስናል*

ለምሳሌ አንድ ማኅበር እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ግራም የሚይዙ 50 ባልዲ ማር ለአንድ ገዢ ላከ እንበል። ገዢው በአንዱ ባልዲ ላይ ጉድለት አገኘ። ባልዲዎቹ መለያ ቁጥር ከሌላቸው ጥርጣሬው የሚያርፈው በ1,000 ኪሎ ግራሙ ሁሉ ላይ ነው። የአምራቹ መለያ፣ የቆረጣው ቀንና የርክክብ ልኬቱ ተመዝግቦ ከሆነ ግን የሚመለሰው 20 ኪሎ ግራም፣ ወይም ከዚያው አምራች የመጣው ድርሻ ብቻ ይሆናል። የመዝገቡ ወጪ ጥቂት ወረቀትና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያድነው ግን የዓመቱን ውል ሊሆን ይችላል።

*ወደ ሩቅ ገበያ ለመግባት ያዘጋጃል*

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ብትሆንም አብዛኛው ማር ለጠጅ መጥመቂያ በአገር ውስጥ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ማር እንዲልኩ በተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አገራችንን አካቷል። በዝርዝሩ ለመቆየት አገሪቱ በማር ውስጥ የመድኃኒትና የኬሚካል ቅሪት መኖር አለመኖሩን በዕቅድ መከታተል ይጠበቅባታል። ይህ ክትትል የሚሳካው ማሩ ከየትኛው አምራች እንደመጣ ሲታወቅ ነው። በአይኤስኦ 9001 መሠረት መዝገብ መያዝን የለመደ ማኅበር ወደ ምግብ ደኅንነት ሥራ አመራር ደረጃ፣ ማለትም ወደ አይኤስኦ 22000፣ ለመሸጋገር መንገዱ ይቀልለዋል።

*ሠራተኛ ቢለዋወጥም ሥራውን ያጸናል*

የጎብኚ ፍሰት በሚቀንስበት ወቅት ሆቴሎች ሠራተኛ ይቀንሳሉ፤ ወቅቱ ሲደርስ አዲስ ይቀጥራሉ። ዕውቀቱ በአንድ ነባር ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከነበረ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። የክፍል አዘገጃጀት፣ የእንግዳ አቀባበል፣ የምግብ ንጽሕናና የቦታ ማስያዝ አሠራር በአጭሩ ተጽፎ ሥልጠና ሲሰጥበት አዲሱ ሠራተኛ በቀናት ውስጥ ሥራውን ይይዛል። ለገና በዓል ዝግጅትም እንዲሁ ነው፦ የውሃ ታንከር፣ የጄኔሬተር፣ የነዳጅና የተያዙ ክፍሎች ቁጥር በማመሳከሪያ ዝርዝር አስቀድሞ ሲፈተሽ፣ አንድን ክፍል ለሁለት እንግዳ መስጠትን የመሰለ ጥፋት ይወገዳል።

*ቅሬታን ወደ መሻሻል ይለውጣል*

እንግዳ ሙቅ ውሃ አጣሁ ቢል የመጀመሪያው ተግባር ችግሩን በዚያው ሰዓት ማረም ነው። ደረጃው ግን ከዚህ ያልፋል። ቅሬታው ይመዘገባል፤ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ እንዳይደገም የማስተካከያ እርምጃ ይወሰዳል፤ እርምጃው መሥራቱም ይረጋገጣል። ከመዝገቡ አምስት ቅሬታዎች ከአንድ ማሞቂያ የመጡ መሆናቸው ከታወቀ ባለቤቱ ገንዘቡን የት እንደሚያውል በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይወስናል።

*ተባባሪ ድርጅቶችን ያስተሳስራል*

ከላሊበላ አቅራቢያ በመቄትና በአካባቢው ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጎብኚው በእግሩ ከመንደር ወደ መንደር ይጓዛል፤ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፤ ሌሊቱን የአካባቢው ማኅበረሰብ በሚያስተዳድራቸው ጎጆዎች ያድራል። ጉዞው የብዙ እጆች ሥራ ቢሆንም ጎብኚው የሚያየው እንደ አንድ አገልግሎት ነው። አንዱ ማረፊያ በአልጋ ንጽሕና ወይም በምግብ ቢጎድል ወቀሳው በሁሉም ላይ ያርፋል። ሥራን እንደተያያዘ ሂደት የመመልከት መርህ እንዲህ ላለው ሰንሰለት የተስማማ ነው፦ እያንዳንዱ መንደር ከቀደመው ምን እንደሚረከብና ለሚቀጥለው ምን እንደሚያስረክብ ያውቃል።

ደረጃው የማያደርገው ነገር

ሥርዓቱ የመብራት መቆራረጥን ወይም የጸጥታ ችግርን አያስወግድም፤ ድርጅቱ ለእነዚህ ስጋቶች አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ግን ያስገድደዋል። አይኤስኦ 9001 ከሆቴሎች የኮከብ ደረጃም የተለየ ነው። በአገራችን በ2007 ዓ.ም. ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር በመተባበር የተካሄደው ዓይነት የኮከብ ምደባ የሆቴሉን መሟላትና አገልግሎት ይመዝናል፤ አይኤስኦ 9001 የሚመዝነው ድርጅቱ ሥራውን የሚመራበትን ሥርዓት ነው። በተመሳሳይ፣ በሕግ አስገዳጅ የሆኑ የምርት ደረጃዎችን አይተካም። የምስክር ወረቀቱ የተሰጠው ለሥርዓቱ እንጂ ለምርቱ ስላልሆነ ማሩ ራሱ እንደተረጋገጠ አስመስሎ በማሸጊያ ላይ መለጠፍ አይገባም።

ስለ ምስክር ወረቀት

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ራሱ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። የሚሰጡት ገለልተኛ የሆኑ አረጋጋጭ ተቋማት ናቸው። ምስክር ወረቀቱ በአብዛኛው ለሦስት ዓመት የሚጸና ሲሆን በየዓመቱ የክትትል ኦዲት ይደረግበታል። ድርጅቶች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት አረጋጋጩ ተቋም በመስኩ አክሬዲቴሽን ያለው መሆኑን ማጣራት ይኖርባቸዋል፤ ያለ ኦዲት በአጭር ቀን የሚሰጥ ምስክር ወረቀት በገዢ ዘንድ ዋጋ የለውም።

ደረጃውን ለመተግበር ምስክር ወረቀት ማግኘት ግዴታ አይደለም። ገዢው ወይም ጨረታው ካልጠየቀ በስተቀር አነስተኛ ድርጅት ሥርዓቱን በራሱ ዘርግቶ ከላይ ከተዘረዘሩት ጥቅሞች አብዛኞቹን ሊያገኝ ይችላል። ወጪ ከማውጣት በፊት «ምስክር ወረቀቱን የሚጠይቀኝ ደንበኛ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልጉ ተግባራት

1. ባለቤቱ ወይም የማኅበሩ አመራር ለደንበኛ የሚገባውን ቃል በግልጽ ጽፎ ለሠራተኞች ወይም ለአባላት ማሳወቅ።
2. ከትእዛዝ መቀበል እስከ ማስረከብ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል መዘርዘርና ለእያንዳንዱ ደረጃ ኃላፊ መመደብ።
3. ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠርባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ለይቶ በእነዚያ ላይ መቆጣጠሪያ ማበጀት።
4. የሚለካውን መለካት፣ የተለካውን መመዝገብ፤ መዝገቡም ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋና በአጭር ቅጽ እንዲሆን ማድረግ።
5. ወቅቱ ከመግባቱ በፊትና ካለፈ በኋላ የውስጥ ኦዲት አድርጎ ውጤቱን በአመራር ደረጃ መገምገም።
6. የተገኙ ጉድለቶችን ምክንያታቸውን ለይቶ ማረምና እርማቱን መከታተል።

ጀማሪ ድርጅቶች በካይዘን የሥራ ቦታ አደረጃጀት፣ በተለምዶ «አምስቱ ማዎች» በሚባለው አሠራር ቢጀምሩ ብዙ ወጪ ሳያወጡ ለሥርዓቱ መሠረት ይጥላሉ።

ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማት

በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ተግባራት ለአራት ተቋማት ተከፋፍለዋል። በአሁኑ አደረጃጀት የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደረጃዎችን ያወጣል፣ ያሠለጥናል፤ አገሪቱንም በዓለም አቀፉ ድርጅት ይወክላል። የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት የላቦራቶሪ ፍተሻ፣ የኢንስፔክሽንና የምስክር ወረቀት አገልግሎት ይሰጣል። የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ሚዛኖችና የመለኪያ መሣሪያዎች ትክክል መሆናቸውን ለማረጋገጥ ያግዛል። የአክሬዲቴሽን አገልግሎት ደግሞ የላቦራቶሪዎችንና የአረጋጋጭ ተቋማትን ብቃት ይመሰክራል። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የካይዘን ኢንስቲትዩትም በሥራ ቦታ መሻሻል ላይ ሥልጠናና ምክር የሰጠ ተቋም ነው።

በላሊበላና በላስታ የሚገኙ ድርጅቶች በመጀመሪያ በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የንግድ ጽሕፈት ቤት አነጋግረው ለሥራቸው የሚመለከተውን ደረጃና ተቋም እንዲለዩ ይመከራል። ሥራውን ለመጀመር አመቺው ጊዜ ፋታ ያለበት የክረምት ወቅት ነው፤ መስከረም ሲጠባ እንግዳውም ማሩም ስለሚደርሱ ያን ጊዜ ሥርዓቱ ተዘጋጅቶ ሊጠብቃቸው ይገባል።