የዜማ ቤት ተማሪ ኑሮ



በበዓል ቀን ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው፥ ጸናጽላቸውን እያሰሙ ሲያሸበሽቡ ስታዩ፥ ይህ ዜማ በማን ድካም እንደ ደረሰን አስባችሁ ታውቁ ይሆን? ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ደራሲው ሳይሆን ስለ ተሸካሚው፥ ማለት ስለ ዜማ ቤት ተማሪ ነው።

ዜማውን የደረሰው በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑን፥ ስልቱም ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት መከፈሉን ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። የዜማውን ምልክት ሥርዐት ያስያዙት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ ይተረካል። ነገር ግን ምልክቱ ቀድሞ የሰማውን ሰው ያስታውሰዋል እንጂ ላልሰማው ድምፁን አይነግረውም። ስለዚህ መምህር የሌለው ድጓ ዝም ያለ መጽሐፍ ነው።

ከዚህም የተነሣ ተማሪው መምህሩን ፍለጋ አገር ያቋርጣል። ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፥ ለቅዳሴ ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ ይሄዳል።

ብዙው ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ይወጣል። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከደረሰበት ደብር አጠገብ ጎጆውን በገዛ እጁ ይቀልሳል። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፥ ካንዱ ቤት ቁራሽ ያገኛል፤ ከሌላው ቤት ውሻ ይቀበለዋል። ከለመነውም ለታመመ ጓደኛው ያካፍላል። ቀን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ዜማው እስኪቀና ድረስ ይደጋግማል፤ መምህሩም መጽሐፍ ሳይገልጥ ይሰማዋል፥ ሲስትም ይመልሰዋል። ሌሊት ደግሞ በጨለማ በቃሉ ያጠናል። የቀደመው ተማሪ ለኋለኛው ያስጠናል። ማኅተም ባልተስፋፋበት ዘመን ድጓውን ለመጻፍ ብራናውን የሚፍቀው፥ ቀለሙን የሚበጠብጠው፥ መቃውን የሚቀርጸው ብዙ ጊዜ ተማሪው ራሱ ነበር። እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ረኃብና በሽታ ከመንገድ ያስቀሩት ስንት እንደ ሆነ የቈጠረ የለም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፥ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን አጣች፤ በዚያ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩት መምህራን ኑሮ ጠበበ። ይሁን እንጂ ጉባኤው ፈጽሞ አልተፈታም። ተማሪው ቀድሞም የሚያድረው ከገበሬው ደጅ በሚያገኘው ቁራሽ ነበርና፥ ዐዋጁ ያን ቁራሽ አላስቀረበትም። ዜማውን ያቆየው እንግዲህ የመምህሩ ጉሮሮ ብቻ አይደለም፤ ስሟ ያልተጻፈው የገጠር እናት መሶብም ነው።

አንባብያን ሆይ፥ እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ነገር ሁሉ በመዝገብ ከሰፈረ አይጠፋም ብለን እናምናለን። የዜማ ቤት ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል። አዲስ አበባ በያሬድ ስም የሙዚቃ ትምህርት ቤት አላት፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ብራናውንም በቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ትውልድ ተማሪ ቢቋረጥ ብራናው እያለ ዜማው ይጠፋል። ስለዚህ ቅርስ እንጠብቅ ስንል፥ በጎጆው ተቀምጦ የሚያጠናውን ልጅ ምን በልቶ እንዳደረ አስቀድመን እንጠይቅ።