ጣርማ በር ላይ የቆሙት ተማሪዎች

ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ወደ ደብረ ሲና የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ጣርማ በር ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ይዘጋል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጭላዳው ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሣሩን ይነጫል፣ ጅብራው በነፋሱ ይወዛወዛል፣ ጉሙ ከቆላው እየተንፏቀቀ ይወጣል። ጉሙ የተገለጠ ቀን ግን ደብረ ሲና ከእግር ሥር ትታያለች፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ እየወረደ እየወረደ እስከ አፋር ይዘልቃል። ዛሬ የማወጋችሁ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር እዚያ አፋፍ ላይ ስለቆሙ ተማሪዎች ነው። ወታደሮች አላልኩም፤ ተማሪዎች ነው ያልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። የሸዋ ልጅ ከፈረንጅ መምህር ፊት መቀመጥ የጀመረው እዚሁ እኛ አገር፣ አንኮበር ዙሪያ ነው። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ፕሮቴስታንት መጥቶ ነበር። ከእርሱ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ጣልያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጉልየልሞ ማሳያ ሸዋ ገባ፤ ሰዉ አባ ማስያስ ይለዋል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ናቸው። አንኮበር አጠገብ ፈቅሬ ግምብ ላይ ቦታ ሰጡት፤ እዚያ ልጆች ሰብስቦ ያስተምራል፣ ለፈንጣጣ ይከትባል። ምኒልክ የፈለጉት ግን የካቶሊክን ሃይማኖት አልነበረም፤ ወደ አውሮፓ የሚያደርስ ሰው፣ መድኃኒትና መሣሪያ ነበር። ነገሩ እስከ 1872 ዓ.ም. ቆየና አፄ ዮሐንስ ይውጣልኝ አሉ፤ አባ ማስያስም ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ልጅ ሳሉ ፈረንሳይኛን የቀመሱት ሐረር ላይ፣ ከእነዚሁ ከካፑቺኖች ዘንድ ነው። አቡነ እንድርያስ የተባሉት ፈረንሳዊ የካቶሊክ ጳጳስ ለአባታቸው ለራስ መኮንንም ወዳጅ ነበሩ። ስለዚህ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ልጆቹ በፈረንሳይኛ ቢማሩ የሚደንቅ አልነበረም።

አሁን የጣርማ በር ልጆች ወደ ተማሩበት፣ ወደ ሆለታ እንሂድ። ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ከጣልያን ጋር የተታኮስነው በ1927 ዓ.ም. ኅዳር ነው። በዚያው ዓመት፣ ከዳር እስከ ዳር ጦርነት ይመጣል እየተባለ ሲወራ፣ ሆለታ ገነት በምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ አምስት የስዊድን መኮንኖች፣ አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም። ተማሪዎቹ ከተፈሪ መኮንንና ከምኒልክ ትምህርት ቤት የተመረጡ፣ ብዙዎቹ ጢማቸው ገና ያልበቀለ፣ መቶ ምናምን ልጆች። እስቲ አስቡት! መምህሩ ስዊድናዊ ሉተራን፣ ትምህርቱ በፈረንሳይኛ፣ ተማሪው አብዛኛው ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ኦርቶዶክስ። ማለዳ ሰልፍ፣ ከዚያ ካርታ ማንበብ፣ ከዚያ ምሽግ መቆፈር፣ ከዚያ መትረየስ መፍታትና መግጠም። አባቶቻቸው ጦርነት የሚያውቁት በነጋሪትና በፉከራ ነው፤ እነርሱ ደግሞ በሰዓትና በሜትር ይማሩት ጀመር። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ትምህርት ቤት ከዓድዋ ማግስት መከፈት ነበረበት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ተኝተን፣ ጠላት ደጅ ሲደርስ ነው ፊደል ያስቆጠርነው።

ትምህርቱም አላለቀም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ተፈታ። ሚያዝያ 7 ጣልያን ደሴ ገባ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመካከል የቆመ ጦር የለም። የጣልያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ካምዮኖቹን አሰለፈ፤ 1,700 ያህል ናቸው። ሚያዝያ 18 ከደሴ ተነሳ። ጉዞውንም «የብረት ፈቃድ ጉዞ» አሉት፤ ፋሺስት መቼም ለስም አይሰስትም።

በዚህ ጊዜ ካፒቴን ታምና ልጆቹ፣ አዲስ ከተቀጠሩት ምልምሎች ጋር፣ ጣርማ በርን እንዲይዙ ታዘዙ። ቦታውን መምረጡስ ትክክል ነበር። ከወሎ በዚያ መንገድ የሚመጣ ባለ መኪና ጣርማ በርን ሳይወጣ ደጋውን አይረግጥም። ከአፋፉ ሆኖ ወደ ታች ለሚያይ ሰው መንገዱ እንደ ተጣለ ጠፍር ተጠማዝዞ ይታያል፤ መኪናው ከታች ሲያቃስት እላይ ድረስ ይሰማል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። «ካዴቶቹ ጣርማ በር ላይ ጣልያንን ሲቆሉት ዋሉ» ብሎ የሚያወራ ሰው አይጠፋም። አልቆሉትም። መድፍ የላቸውም፣ አውሮፕላን የላቸውም፤ ምልምሎቹም ጠብመንጃ በወጉ መያዝ ገና አልለመዱም። እንዲህ ያለ ጦር 1,700 ካምዮን ፊት ለፊት ገጥሞ አያቆምም፤ ልጆቹም ወደ ኋላ ተመለሱ። ባዶሊዮን ያቆመው የመንገዱ መቆረጥ ነው። ጣርማ በር ላይ መንገዱ በድማሚት ተመትቶ አንዱ ክፍል ከነድጋፉ ገደል ገብቶ ነበር። የጣልያን ዓምድ እዚያ ሲደርስ ተገተረ። በእግሩ የሚሄደው የኤርትራ ቅጥር ጦር ያልፋል፤ ካምዮኑ ግን ጫማ አውልቆ አይሻገር። ዝናቡም ያዛቸው። የሮማ ወታደር ኮቱን አውልቆ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ፤ ቁርጡን ሞልቶ እስኪያልፍ ሁለት ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ሁለት ቀን ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ባዶሊዮ ገና ሰሜን ሸዋ ጭቃ ውስጥ ነበር። ሚያዝያ 26 ደግሞ፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ ጫጫ ላይ፣ የአገሩ ሰው ኃይለ ማርያም ማሞ አድፍጦ ጠበቀውና በቅጥር ጦሩ ላይ ጉዳት አደረሰ። ደብረ ብርሃን ያለው ትምህርት ቤት በስሙ የተጠራለት እርሱ ነው። ንጉሥ በሌለበት፣ አዛዥ በሌለበት፣ በራሱ ፈቃድ የተኮሰ ሰው! ጣልያን በማግስቱ፣ ሚያዝያ 27፣ አዲስ አበባ ገባ።

የሆለታ ልጆች ግን አልተበተኑም። በክፍሌ ነሲቡና በበላይ ኃይለአብ እየተመሩ ወደ ወለጋ ተሻገሩ። እንግሊዝ አገር የተማረው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም አብሮ አለ፤ ማኅበራቸውን ጥቁር አንበሳ አሉት። ሰኔ 19 ቀን ሦስት የጣልያን አውሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ፤ አሳባቸው አገሩን በሰላም ማስገበር ነው። ሌሊቱን ልጆቹና የአገሩ ሰው ከበቧቸው። ጄኔራል ማሊዮኮ ሞተ፤ በአውሮፓ ስሙ የገነነው አብራሪ ሎካቴሊ ሞተ፤ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ከመጡት መካከል በሕይወት የተረፈው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም የካቶሊክ ቄስ፣ የኮንሶላታ ሚሲዮናዊው አባ ቦሬሎ። አገሩንና ቋንቋውን ስለሚያውቅ አስተርጓሚ ሆኖ ነበር የመጣው። የአባ ማስያስ አገር ሰው መስቀል ይዞ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲወርድ፣ ያንን ቀን አባ ማስያስ ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ።

ጥቁር አንበሶች ሕግም ጽፈው ነበር። ጦሩ ለሲቪሉ አመራር ይታዘዝ፣ ገበሬ አይዘረፍ፣ ምርኮኛ አይንገላታ የሚል አለበት። ከየት አመጡት ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እንደ እኔ ግምት ከሆለታ ነው፤ ካርታውንና መትረየሱን ብቻ አልነበረም የተማሩት። በመጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱን እንደራሴ ራስ እምሩን አዛዥ አድርገው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያፈገፍጉ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ። ሁለት ወር እንዳለፈ የካቲት 12 መጣ። በጣልያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ፤ ግራዚያኒም የተማረ ወጣት ማደን ያዘ። እጃቸውን የሰጡት ካዴቶች፣ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብም፣ ተረሸኑ።

ያ እሳት ተመልሶ ወደ እኛ አገር መጣ። ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲፈጁ፣ ዲያቆናቱን ለብቻ ለይተው ወደ ደብረ ብርሃን አመጧቸው። በመጀመሪያ ይተርፋሉ የተባሉ ልጆች ናቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ እንገጫ ላይ 129ኙን ረሸኗቸው። እነዚህ ፈረንሳይኛ አያውቁም፣ ጠብመንጃ አልነኩም፤ ዳዊት ይደግሙ ነበር።

ጣልያን በኋላ ጣርማ በርን ፈልፍሎ ዋሻ አበጀ፤ ያንን አፋፍ ሁለተኛ ላለማየት ይመስላል። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ደግሞ ከነጻነት በኋላ ከካናዳ የመጡ የጀስዊት መነኮሳት ተረከቡት፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው፣ በሥርዓት ጥብቅ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቋቋሙ። ሆለታም እንደገና ተከፍቶ መኮንን ማፍራቱን ቀጠለ። ከመጀመሪያዎቹ የሆለታ ልጆች ከሞት ከተረፉት መካከል ሁለቱ፣ ሙሉጌታ ቡሊና መንግሥቱ ንዋይ፣ ጄኔራል ሆኑ። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት መንግሥቱ መሪ ሆነ፣ ሙሉጌታ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግቶ ተገደለ፤ መንግሥቱም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ተሰቀለ። ያ ግን የሌላ ማታ ወሬ ነው፤ አንድ ጀበና አይበቃውም።