አዲስ ዓለም ማርያም፤ ዋና ከተማ ሊሆን ታስቦ ደብር የሆነው ስፍራ

ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ታሪክ ቢጤ ጻፍ ስለተባልሁ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኘው ስለ አዲስ ዓለም ማርያም አቅርቤአለሁ። ብዙዎቻችን ለኅዳር ጽዮን ሄደን ተሳልመን ተመልሰናል። ነገር ግን ደብሯ እዚያ ኮረብታ ላይ ለምን እንደተተከለች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገሩ ደግሞ የኛኑ ከተማ የሚነካ ነው።

ጠቡ የማገዶ ጠብ ነው። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም እንደሆነ ይታወቃል። እንጦጦ ግን ብርዱ የከፋ ነው። እቴጌ ጣይቱ አስቀድመው በ1879 ፍልውኃ አካባቢ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለውት ነበርና፣ ቤተ መንግሥቱም መኳንንቱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ከአድዋ ድል ከ1888 ወዲህማ ከተማው ሞላ። ሰው ሲበዛ ምድጃውም በዛ፤ ጥዱም ወይራውም ለቤት ማገር፣ ለምጣድ፣ ለጠላ ቤት እየተባለ ተጨፈጨፈ። እንጨት ፍለጋ የሚኬደው መንገድ በየዓመቱ እየራቀ ሄደ።

የቀድሞ ነገሥታት እንዲህ ያለ ችግር አያስጨንቃቸውም ነበር። ከተማቸው ድንኳን ነውና እንጨቱ ሲያልቅ ነቅሎ መሄድ ነው። አፄ ምኒልክም በዚሁ ልማድ በ1893 ዓ.ም. ግድም ደን ወዳለበት ወደ እጀሬ አገር ተመልክተው፣ ስፍራውን አዲስ ዓለም ብለው ሰየሙና የቤተ መንግሥቱ ሥራ ተጀመረ። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚወስድ መንገድም ተሠራ፤ በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የዘመናዊ መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። እንግዲህ ነገሩ ቢሰምር ኖሮ ዛሬ እናንተም እኔም ዕድራችንን የምናቋቁመው እዚያ ነበር ማለት ነው!

ታዲያ ለምን ቀረ? ሁሉ የሚናገረው ባሕር ዛፍ አዳነን ብሎ ነው። ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፣ በዚያው በአፄ ምኒልክ ዘመን አንድ ፈረንሳዊ እንዳስመጣው ይነገራል። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም እኔ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ቀን እየቆጠርሁ የኖርሁ ሰው ነኝና ቀኑን ስቆጥረው አልገጥም ይለኛል። ዛፉ ከመጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ በ1893 ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያነድ ባሕር ዛፍ ከየት ይመጣል? በእኔ ግምት መጀመሪያ ከተማውን የያዘው ሰው ነው። መኳንንቱ ቤት ሠርተዋል፤ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖችም የድንጋይ ሕንፃ ጀምረው ገንዘብ አፍስሰዋል፤ ነጋዴውም ደንበኛ አበጅቷል። ድንኳን ይነቀላል፣ የድንጋይ ቤት እንዴት ይነቀላል? ሰዉ እምቢ ሳይል እግሩን ጎተተ፤ እግሩን ሲጎትት ባሕር ዛፉ አደገለት። በቢሮ ሳለሁም ፊርማው ካረፈ በኋላ ወጪው ሲሰላ ፋይሉ የሚዘጋ ብዙ ጉዳይ አይቻለሁ፤ ይኼም እንደዚያው ነው።

ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ስፍራ ግን ባዶውን አልቀረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለማርያም ሰጡት። የደብሯም አለቃ እንደ አክሱም ጽዮን አለቃ ንቡረ እድ ይባላል። ይህ ቀላል ማዕረግ አይደለም።

እኔ ዘንድሮ ሄጄ ያየሁት በጥር ወር ነው፤ ሥራ በተደራረበበት ቅዳሜና እሑድ። ቅዳሜ ጠዋት የዕድራችን ቀብር ነበር፤ ከቀብር መልስ እጃችንን ታጥበን፣ ንፍሮ ቀምሰን፣ ልብስ ለውጠን ወደ እኅቴ ልጅ ሠርግ ሄድን። ባለቤቴ በአንድ ቀን ጥቁር ነጠላዋንም ጥበቧንም ለበሰች። ማታ ደግሞ ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመዶች እኛ ቤት አደሩ፤ አንድ ሳሎን ውስጥ ስንት ሰው እንደሚተኛ ያደረበት ያውቀዋል። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሚኒባስ ተከራይተን፣ ቆሎና ዳቦ ይዘን ጉዞ ወደ አዲስ ዓለም። ልጆቹ እስከ ሆለታ ተኙ።

ከቅዳሴ በኋላ ሙዚየሙን አየን። ስንወጣ የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ፣ «አባባ፣ ንጉሡ ቤታቸውን ጀምረው ለምን አልገቡበትም?» ብሎ ጠየቀኝ። ከላይ የጻፍሁትን ነገርሁት። ቁልቁል የሚታየውን ባሕር ዛፍ እያሳየሁ ሳስረዳው፣ «እና ጎረቤቶቻቸው አንሄድም አሉ?» አለኝ። አዎ፣ እንደዚያ ማለት ነው አልሁት።

አሁን ወደ ዕድራችን ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያመጣሁትም ለዚሁ ነው። ቤታቸው በመፍረሱ ወይም ኮንዶሚኒየም ስለደረሳቸው ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ጀሞ የሄዱ አባሎቻችን ከመዝገብ ይሰረዙ የሚል ሐሳብ ለሚያዝያው ጠቅላላ ጉባኤ እንደሚቀርብ ሰምታችኋል። ራቁ፣ ቀብር ላይ አይደርሱም ነው ምክንያቱ። በዚያ በጥሩ ቅዳሜ ቀብር ድንኳኑን ለማቆም ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት የደረሰው ማን ነበር? ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ የመጣው አባላችን ነው። እኛ አጥር ለአጥር ያለነው ሁለት ሰዓት ሲሆን እያዛጋን መጣን። እነዚህ ሰዎች የሄዱት በትእዛዝና በዕጣ እንጂ ዕድሩን ጠልተው አይደለም።

ስለዚህ እኔ እጄን የማወጣው ይቆዩ ከሚሉት ጋር ነው። ወርኃዊ መዋጯቸውን በቴሌብር ቢያስገቡ ገንዘብ ያዡ ሊቀበል ይችላል። የቀብር መልእክትም ጥሩምባው እዚያ ድረስ ስለማይሰማ በስልክ ይነገራቸው። የስልካቸውን ዝርዝር በየሰፈሩ ለይቼ ጽፌ ለዳኛው አስረክቤአለሁ፤ የጎደለ ስም ያለበት አባል ከጉባኤው በፊት ያስመዝግብ።