የመሥሪያ ቤት ጽሕፈትና የሥራ መልእክት

የመሥሪያ ቤት ጽሕፈት የሚባለው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ በንግድ ማኅበር ወይም በሌላ የሥራ ድርጅት ትእዛዝ ለማስተላለፍ፥ ጉዳይ ለማመልከት፥ ውል ለማሰር፥ የተደረገውንም ነገር ለኋላ ዘመን ምስክር አድርጎ ለማኖር የሚጻፍ ጽሕፈት ሁሉ ነው። ማመልከቻ፥ መሸኛ፥ ማስታወቂያ፥ ሪፖርት፥ ቃለ ጉባኤና የውስጥ ማስታወሻ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ከድርሰት የሚለየው ዓላማው አንባቢውን ማሠራት በመሆኑ ነው፤ ስለዚህም መልካምነቱ የሚመዘነው ጸሐፊው ተቀምጦ በጻፈበት ክፍል ሳይሆን ደብዳቤው በደረሰበት ስፍራ፥ ተቀባዩ ሁለተኛ ሳይጠይቅ ሊፈጽመው በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው።

ይህ ምዘና በገሃድ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ቦርደዴ ነው። ቦርደዴ ከጨርጨር ደጋ ግርጌ፥ በአዋሽና በሚኤሶ መካከል፥ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የምዕራብ ሐረርጌ የቆላ ከተማ ሲሆን፥ የዞኑ ርእሰ ከተማ ጭሮ፥ የቀድሞው አሰበ ተፈሪ፥ የሚገኘው ከሚኤሶ ወደ ደጋው በሚወጣው የሐረር መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ አንዲት መሸኛ ይዞ ከቆላው ወደ ጭሮ የወጣ አርብቶ አደር፥ በደብዳቤው ላይ ቁጥር ቢጎድል፥ ማኅተሙ ቢፈዝ ወይም የአያቱ ስም ቢዘነጋ፥ የወጣውን ዳገት ወርዶ፥ ጸሐፊውን ፈልጎ፥ ጎዶሎውን አስሞልቶ፥ እንደገና ይወጣ ዘንድ ግድ ይሆንበታል። ጸሐፊው በግማሽ መስመር የቆጠበው ድካም በባለጉዳዩ ላይ የመጓጓዣ ብር፥ የአዳር ወጪና ያለ ጠባቂ የዋለ ከብት ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህን ዕዳ ግን የመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ መዝገብ ከቶ አያውቀውም።

በኢትዮጵያ የመልእክት ጽሕፈት ጥንታዊ ነው። ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣው ጸሐፊ የቅዱስ ጳውሎስን 14 መልእክታት ሲያነብ ያደገ በመሆኑ፥ ላኪው አስቀድሞ ስሙንና ማዕርጉን፥ ቀጥሎ የተቀባዩን ስም፥ ከዚያም ሰላምታውን፥ ከሰላምታውም በኋላ ጉዳዩን የሚያኖርበት ሥርዓት ለእርሱ እንግዳ አልነበረም። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ለብዙ ዘመን በግእዝ ሲጻፍ ከኖረ በኋላ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ዐማርኛ የዜና መዋዕልና የመንግሥት መልእክት ልሳን ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ የጽሕፈት ሚኒስትርነት ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ሲሰጥ፥ ጽሕፈት ከቤተ መንግሥት አገልግሎትነት አልፎ ራሱን የቻለ የመንግሥት ሥራ መሆኑ ታወቀ። ጨርጨርም ለአዲሱ ሥርዓተ አስተዳደር ምሳሌ ትሆን ዘንድ ከተመረጡት አውራጃዎች አንዷ ነበረች፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በየተራቸው በገዥነት አስተዳድረዋታል። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቁሞ ሕጉ ሁሉ በተወሰነ መልክና ቁጥር ይወጣ ጀመር፤ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ደግሞ የታይፕ ጽሕፈትና የሒሳብ አያያዝ የተማሩ ጸሐፊዎችን ለየመሥሪያ ቤቱ አበረከተ።

ዛሬ የሚሠራበት የደብዳቤ መልክ በዚያን ዘመን የጸና ነው። በራስጌው የመሥሪያ ቤቱ ስም፥ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን፥ በግራ የተቀባዩ መሥሪያ ቤትና ከተማ፥ ከመካከል «ጉዳዩ» ተብሎ የነገሩ አርእስት ይቀመጣል፤ ከሐተታው በታች «ከሰላምታ ጋር»፥ ፊርማ፥ የፈራሚው ስምና ሥልጣን፥ ማኅተም፥ በመጨረሻም «ግልባጭ» የሚደርሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። እነዚህን ነገሮች እንደ ጌጥ የሚያይ ሰው ሥራቸውን ያልተረዳ ነው። ቁጥሩ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት የሚፈለግበት ስሙ ነው። «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ኃላፊው ሙሉውን ሳያነብ ለየትኛው ክፍል ሊመራው እንደሚገባ ይነግረዋል። ግልባጩ ደግሞ ነገሩን ማወቅ የሚገባቸውን ከመፈጸም ግዴታ ካለባቸው ይለያል፤ እንዲፈጽም የሚፈለገው ሰው ስሙ በግልባጭ ብቻ ከተጻፈ ግን ሥራውን የእኔ ነው ብሎ የሚነሣ አይገኝም።

ከሁሉ የሚከብደው ሐተታው ነው። የዐማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ የሚያኖር በመሆኑ፥ ምክንያትን በምክንያት ላይ፥ ያለፈ ደብዳቤን ባለፈ ደብዳቤ ላይ እየደራረበ የሚሄድ ጸሐፊ አንባቢውን እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ ምን እንደሚፈለግበት ሳያሳውቅ ሊያደርሰው ይችላል። በታሪክና በስብከት ረዥም ዐረፍተ ነገር ግርማ አለው፤ በቅኔ ቤትም ወርቁን በሰሙ ሥር መሰወር የሊቅነት ምልክት ነው፤ ደብዳቤ ግን የተሰወረ ነገር ሊኖረው የማይገባ የቃል ሥራ ነውና፥ ጥያቄው በመጀመሪያው አንቀጽ ተነግሮ ታሪኩና ማስረጃው ቢከተሉት ይሻላል። ከቆላ ወረዳ የተነሣ አንድ ደብዳቤ «ቀደም ሲል በተገለጸው መሠረት ጉዳዩ ታይቶ አስፈላጊው ሁሉ ይደረግ ዘንድ እናሳስባለን» ቢል፥ በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም፤ ነገር ግን ማን፥ ምን፥ መቼ እንደሚያደርግ የሚነግረን አንድ ቃል የለውም። በዚህ ፈንታ «ለቀበሌው የተመደበው የውኃ ቦቴ እስከ ጥር 15 ቀን ድረስ እንዲላክልን፥ የማይቻልም ከሆነ ምክንያቱ እስከዚያው ቀን በጽሑፍ እንዲነገረን እንጠይቃለን» ቢባል፥ ተቀባዩ ወይ ይፈጽማል፥ ወይም አለመፈጸሙን በፊርማው ይገልጣል።

«ይደረግ»፥ «ይታይ»፥ «ይፈጸም» የሚሉት፥ ባለቤታቸው ያልተጠራ አንቀጾች በመሥሪያ ቤት ልሳን እንዲህ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። በዕድሜም ሆነ በማዕርግ ከሚበልጥ ሰው ጋራ የሚነጋገር ጸሐፊ «አንተ» ለማለት ያፍራል፥ «እርስዎ» ለማለትም ግለሰብን መጥራት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ባለቤት በሌለው አንቀጽ ይጠለላል። ይህ ትሕትና የተከበረ ነው፥ ሊጠበቅም ይገባል። ነገር ግን አክብሮቱ በሰላምታውና በአጠራሩ ሊገለጥ ሲችል የሥራውን ባለቤት መሰወር ትሕትና አይባልም፤ የክፍሉን ስም ጠርቶ «የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቱ እንዲፈጽመው» ማለት ማንንም አያዋርድም።

ቀን፥ ሰዓትና ስም ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ የሚቀር፥ ሰዓቱም ከፀሐይ መውጣት የሚጀምር በመሆኑ፥ ወደ ጅቡቲ ወደብ በሚወስደው በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ ነጋዴ ወይም ጭነት አስተላላፊ «በ3 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ባሕር ማዶ ያለው ተቀባይ ሌላ ሰዓት ይረዳል። ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቈጣጠር፥ ሰዓቱን ደግሞ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ብሎ መጻፍ ከዚህ ስሕተት ያድናል። የስም ነገርም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው በመታወቂያው «ሐሰን»፥ በመሸኛው «ሀሰን» ተብሎ ቢጻፍ ለጆሮ ልዩነት የለውም፥ ለመዝገብ ግን ሁለት ሰው ነው፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲዛወር ደግሞ መልኩ እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ስም ከነአባትና ከነአያት፥ ባለቤቱ በያዘው የመታወቂያ ወረቀት ላይ እንዳለ፥ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ይገለበጣል።

የልሳንም ጉዳይ በዚህ አገር ከመልካም ጽሕፈት ተለይቶ አይታይም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፥ በዚሁ ቆላ ያልፍ የነበረው የምድር ባቡር ኩባንያ የሥራ ልሳኑ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ዐማርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸውን እንዲወስኑ ሥልጣን ስላላቸው፥ የኦሮሚያ ክልል ሥራውን በአፋን ኦሮሞ፥ በቁቤ ፊደል ያካሂዳል። ስለዚህ የቦርደዴ ጽሕፈት ቤት ከጭሮ ጋራ በአፋን ኦሮሞ፥ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋራ ሲሆን ደግሞ በዐማርኛ ይጻጻፋል፤ በአካባቢውም ሶማሊኛና አፋርኛ የሚናገሩ ሕዝቦች አሉ። ለሕዝብ የሚወጣ ማስታወቂያ ሕዝቡ በሚሰማው ልሳን ካልሆነ፥ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍም እንዳልተነገረ ይቆጠራል፤ ከአንዱ ልሳን ወደ ሌላው የሚመለስ ሰነድም ቁጥርና ቀኑን፥ ስምና መጠኑን ከዋናው ጋራ ያስተያየው ሰው ሊፈርምበት ይገባል።

ሕግ ጽሕፈትን የሚያስገድድባቸው ጉዳዮች አሉ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1727 መሠረት፥ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበት፥ ሁለት ምስክሮችም ሊያረጋግጡት ይገባል። ቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው ምልክት በውል አዋዋይ፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ይህ ፊደል ላልቆጠረው አርብቶ አደር ታላቅ ጋሻ ነው፥ ባለማወቅም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሥራ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል።

የሥራ መልእክት በጽሕፈት ብቻ አያልቅም። በቦርደዴ ሰሜን ባለው ቆላ የሚኖሩት አፋሮች «ዳጉ» የሚባል የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ፥ ቢቸኩሉም እንኳ፥ ቆም ብለው ስለ ሰላሙ፥ ስለ ዝናሙና ስለ ግጦሹ፥ ስለ ሰውና ስለ ከብት በተራ ይጠያየቃሉ፤ ተናጋሪውም በዓይኑ ያየውንና ከሰው የሰማውን ለይቶ ያወራል፥ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል፤ ሐሰት የጨመረበት ሰው ከዚያ በኋላ ቃሉ አይታመንም። በብዙ መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ሪፖርት ይህን ልየታ ቢማር ምንኛ በተሻለ ነበር፤ በቦታው ተገኝቶ የተቈጠረው የሞተ ከብትና ከቀበሌው በስልክ የተነገረው በአንድ ሰንጠረዥ ሲደመሩ፥ ውሳኔ ሰጪው በየትኛው እንደሚታመን አያውቅምና።

በስብሰባ የተነገረው በቃለ ጉባኤ፥ በስልክ የታዘዘውም በማስታወሻ ሊጸና ይገባዋል። ቃለ ጉባኤ የተናጋሪዎቹን ንግግር በሙሉ መገልበጥ አይደለም፤ የተገኙትንና የቀሩትን፥ አጀንዳውን፥ ውሳኔውን፥ ውሳኔውን የሚፈጽመውን ሰውና የሚፈጸምበትን ቀን ይዞ በተሰብሳቢዎቹ ፊርማ ሲታሰር በቂ ነው። በዚህ ዘመን ደብዳቤ በፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲላክ ይታያል። ፍጥነቱ የሚመሰገን ነው፥ ለራቀ ወረዳም ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሆኖም በገቢ መዝገብ ገብቶ ቁጥር እስካላገኘ ድረስ፥ የተቀበለው ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ስልኩን ሲለውጥ አብሮ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚብሰው ጥፋት ግን መልስ አለመስጠት ነው። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዝ ቆንስል በካሜሮን እጅ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በዚያው ዓመት ለንደን ደርሶ ሳለ፥ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን አሰሩ፤ መልሱን ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም በፊታቸው የቀረበው በ1858 ዓ.ም. ነበር፤ እርሱም በተራው ታሰረ፥ ነገሩም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ በጦርነት ተፈጸመ። የዚያ ጦርነት መንሥኤ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፥ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል አጭር ቃል በጊዜው ቢደርስ የቂሙ ሥር በዚያ ልክ ባልሰደደ ነበር። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት ዐዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ መልሱም እምቢታ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጣል። በየመሥሪያ ቤቱ የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ መልስ የተሰጠበትን ቀን የሚያሳይ ዓምድ ቢኖር፥ ኃላፊው የዘገየውን ጉዳይ ባለጉዳዩ ከደጁ ሳይቆም ሊያየው ይችላል።

መልስ ያገኘ ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል። ጊዜው ሲፈጸምም፥ ለታሪክ የሚጠቅመው በዐዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፥ ወደ ወመዘክር፥ ሊተላለፍ ይችላል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» የግብሩን ልክ፥ የመሬቱን ሥሪት፥ የሹመቱንም ሥርዓት ዛሬ ሊነግረን የቻለው፥ እነዚያን ሰነዶች የጻፉት ሰዎች ቀኑን፥ ስሙንና መጠኑን ሳያጓድሉ ጽፈው ያኖሩ በመሆናቸው ነው።