የአሜሪካ የጤና መድን ሕግና የፓርቲዎች ውዝግብ (2009–2010)

ተመጣጣኝ የጤና እንክብካቤ ሕግ፣ በተለምዶ «ኦባማኬር» የሚባለው፣ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ማርች 23 ቀን 2010 የፈረሙት የዩናይትድ ስቴትስ ፌዴራላዊ ሕግ ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጨረሻው ድምፅ አሰጣጥ በሁለቱም ምክር ቤቶች አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም። በ1965 ሜዲኬር ሲጸድቅ ግን በርካታ ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ቆመው ነበር።

ቅድመ ታሪክ

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1945 አገር አቀፍ የጤና መድን እንዲቋቋም ኮንግረስን ጠይቀው የሐኪሞች ማኅበር ባካሄደው ብርቱ ዘመቻ ጭምር ሳይሳካላቸው ቀረ። ሊንደን ጆንሰን በ1965 ለአረጋውያን ሜዲኬርን፣ ለድሆች ሜዲኬይድን አቋቋሙ። የቢል ክሊንተን ዕቅድ በ1994 ለድምፅ እንኳ ሳይቀርብ ከሸፈ። ኦባማ ሥልጣን በያዙበት ዓመት ወደ 46 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መድን አልነበረውም።

የመድን ግዴታው መነሻ

ከሕጉ ክፍሎች ሁሉ ብዙ ያወዛገበው እያንዳንዱ ሰው መድን እንዲገባ፣ ካልገባ ቅጣት እንዲከፍል የሚያዘው ድንጋጌ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የመድን ኩባንያዎች ቀድሞ የታመመን ሰው እንዳይመልሱ ከተከለከሉና ጤነኛው ግን እስኪታመም መጠበቅ ከተፈቀደለት፣ በመድኑ ውስጥ የሚቀሩት ሕሙማን ብቻ ይሆናሉ፤ ክፍያውም ከአቅም በላይ ይንራል።

የሐሳቡ ባለቤት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የተባለው የወግ አጥባቂዎች የጥናት ተቋም በ1989 ያወጣው የስቱዋርት በትለር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከከባድ ወጪ የሚጠብቀው መድን እንዲኖረው ያሳስባል። በትለር ራሳቸው ግን በ2012 ባወጡት ጽሑፍ የእሳቸው ሐሳብና የኦባማ ሕግ አንድ እንዳልሆኑ፣ አቋማቸውንም እንደለወጡ ተከራክረዋል። ሌሎች ደግሞ መነሻውን የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ማርክ ፖሊና ባልደረቦቻቸው በ1991 ለጆርጅ ቡሽ (አባት) አስተዳደር ካቀረቡት ሐሳብ ጋር ያያይዙታል። ሁለቱም ምንጮች ከገበያ ደጋፊዎች ወገን በመሆናቸው፣ ግዴታው የመነጨው በመንግሥት ከሚተዳደር መድን ሌላ አማራጭ ፍለጋ ነው ማለት የሚቻል ይመስላል።

በ1993 የሮድ አይላንዱ ሪፐብሊካን ሴናተር ጆን ቼፊ ግዴታውን የያዘ ረቂቅ ሲያቀርቡ ቦብ ዶል፣ ኦሪን ሃችና ቻክ ግራስሊ አብረዋቸው ፈረሙ። ረቂቁ ለድምፅ አልበቃም። ከዚያም ኤፕሪል 12 ቀን 2006 የማሳቹሴትስ ሪፐብሊካን ገዥ ሚት ሮምኒ ተመሳሳይ የክፍለ ግዛት ሕግ ቦስተን በሚገኘው ፋኒል አዳራሽ ፈረሙ። ዴሞክራቱ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲም በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነበሩ። ኦባማ ደግሞ በ2008 የፓርቲያቸው ዕጩ ለመሆን ሲወዳደሩ ግዴታውን ተቃውመው ነበር፤ የደገፉት ተፎካካሪያቸው ሂላሪ ክሊንተን ናቸው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ቦታ ተለዋወጠ። ኦባማ ግዴታውን ተቀበሉ፤ ሃችና ግራስሊ ዲሴምበር 2009 ላይ በተቃውሞ ድምፅ ሰጡ። የ2009ኙ ረቂቅ ከ1993ቱ በስፋትም በወጪም ይበልጣልና ተቃውሟቸው በሙሉ ማስመሰል ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም አንዱ ወገን ያፈለቀውን ሐሳብ ሌላው ሲያነሳው የነፃነት ጠላት ተደርጎ መታየቱ፣ ክርክሩ ስለ ሕሙማን ከመሆን ይልቅ ድሉ የማን ይሁን ወደሚል ፉክክር እንዳዘነበለ ያሳያል።

ረቂቁ በኮንግረስ

የተወካዮች ምክር ቤት የራሱን ረቂቅ ኖቬምበር 7 ቀን 2009 በ220 ለ215 ድምፅ አሳለፈ። ከሪፐብሊካኖች የደገፈው የሉዊዚያናው ጆሴፍ ካው ብቻ ነበር።

በሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማክስ ባውከስ ከሦስት ዴሞክራቶችና ከሦስት ሪፐብሊካኖች የተውጣጣ ቡድን አቋቁመው፣ እሳቸውም አባል ሆነው፣ ለወራት ተደራደሩ። ስምምነት አልተገኘም። ከቡድኑ ሪፐብሊካኖች የሜይኗ ኦሊምፒያ ስኖው ብቻ በኮሚቴ ደረጃ ድጋፍ ሰጡ፤ በጠቅላላ ጉባኤው ግን እሳቸውም ተቃወሙ። በድርድሩ ወቅት ሪፐብሊካኗ ሣራ ፔሊን አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች «የሞት ሸንጎ» ፊት ይቀርባሉ የሚል ክስ አሰራጩ። ክሱ ሐሰት ነበር። በረቂቁ የነበረው አንድ ሕመምተኛ ስለ መጨረሻ ዘመን ሕክምናው በፈቃዱ ከሐኪሙ ጋር ሲመካከር ሜዲኬር ክፍያውን እንዲሸፍን የሚል አንቀጽ ነው። አንቀጹ ከዚያ በኋላ ወጣ፤ ለቤተሰቦች ይጠቅም የነበረ ነገር በወሬ ተቀበረ።

በሴኔት ክርክር ማራዘሚያን (ፊሊበስተርን) ለማቋረጥ 60 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ዴሞክራቶችና አጋሮቻቸውም ልክ 60 ነበሩ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴናተር ረቂቁን ብቻውን የማስቆም አቅም አገኘ። ጆ ሊበርማን በመንግሥት የሚቀርበው የመድን አማራጭ እንዲሰረዝ አደረጉ። ቤን ኔልሰን ለነብራስካ የተለየ የሜዲኬይድ ድጎማ አስገቡ፤ በሕዝብ ቁጣ በኋላ ተነሳ።

ድምፁ የተሰጠው በገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 2009 ማለዳ ነው። የ92 ዓመቱ ሮበርት ቤርድ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው ገቡና ስማቸው ሲጠራ የድጋፍ ድምፃቸውን በኦገስት ለሞቱት ለኬኔዲ መታሰቢያ አደረጉ። ውጤቱ 60 ለ39 ሆነ።

የማጽደቂያው መንገድ

ጃንዋሪ 19 ቀን 2010 ሪፐብሊካኑ ስኮት ብራውን የኬኔዲን ወንበር አሸነፉ፤ 60ኛው ድምፅ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት የሴኔቱን ረቂቅ አንድ ቃል ሳይለውጥ እንዲቀበል፣ እርማቶቹ ደግሞ ለፊሊበስተር በማይጋለጠው የበጀት ማስታረቂያ ሥርዓት እንዲያልፉ ተወሰነ። ሪፐብሊካኖች ይህን የሥርዓት ጥሰት አሉት፤ ዴሞክራቶች በ2001ና በ2003 የግብር ቅነሳዎች በዚሁ መንገድ ማለፋቸውን አስታወሱ።

ረቂቁ የያዘው ቁጥር 3590 መጀመሪያ ለወታደሮች ቤት ግዢ የግብር እፎይታ የሚሰጥ የሌላ ረቂቅ ነበር። ሕገ መንግሥቱ የገቢ ሕጎች ከተወካዮች ምክር ቤት እንዲመነጩ ስለሚያዝ፣ ሴኔቱ ከዚያ የመጣውን ይህን ረቂቅ ወስዶ ይዘቱን ሙሉ በሙሉ ተካው።

ውርጃን የሚቃወሙት በባርት ስቱፓክ የሚመሩ ዴሞክራቶች በዚሁ ጉዳይ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ እንደሚወጣ ቃል ተገብቶላቸው ከተስማሙ በኋላ ማርች 21 ቀን ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት በ219 ለ212 አለፈ። 34 ዴሞክራቶች ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበሩ።

የስደተኞች ጉዳይ

ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 ኦባማ ኮንግረስ ፊት ሕጉ ሰነድ የሌላቸውን ስደተኞች አይሸፍንም ብለው ሲናገሩ የሳውዝ ካሮላይናው ሪፐብሊካን ተወካይ ጆ ዊልሰን «ትዋሻለህ!» ብለው ከመቀመጫቸው ጮኹ። የተወካዮች ምክር ቤቱ ከቀናት በኋላ በ240 ለ179 ገሠጻቸው። የጸደቀው ሕግ ሰነድ አልባዎች ሕጉ ባቋቋመው አዲስ የመድን ገበያ በገዛ ገንዘባቸው እንኳ መድን እንዳይገዙ ከልክሏል።

በሕጋዊ መንገድ ለገቡት ግን ጥቅሙ ትልቅ ነበር፤ ኢትዮጵያውያንንም የሚነካው በዚህ በኩል ነው። በዲቪ የመጣ ሰው በ1996 በወጣ ሕግ መሠረት ለሜዲኬይድ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። የ2010ሩ ሕግ እንዲህ ያለው ገቢው ዝቅተኛ ሰው ጥበቃው ሳያግደው ከገበያው በድጎማ መድን እንዲገዛ ፈቀደ። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ለሚነዱና አነስተኛ ሱቅ ላላቸው፣ ቀጣሪ መድን የማይገዛላቸው ሰዎች ይህ የሕክምና በር የከፈተ ድንጋጌ ነበር።

ከጸደቀ በኋላ

በኖቬምበር 2010 ምርጫ ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት 63 ተጨማሪ ወንበር አገኙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 28 ቀን 2012 ግዴታውን እንደ ግብር ቆጥሮ በ5 ለ4 አጸና፤ ሕጉ ያዘዘውን የሜዲኬይድ መስፋፋት ግን ለክፍለ ግዛቶች ፈቃድ ተወው። ጁላይ 28 ቀን 2017 ሕጉን በከፊል ለመሻር የቀረበው ረቂቅ ጆን መኬን፣ ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪ ከፓርቲያቸው ተለይተው በመቃወማቸው በ49 ለ51 ወደቀ። የቅጣቱ መጠን ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል።