የፈርዖኖቹን ዘመን ማን ቆጠረው?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣውን የታሪክ መጽሐፍ ገልጠው ቢመለከቱ፣ በሳቃራ ባለደረጃውን ፒራሚድ ያሠራው የግብጹ ንጉሥ ጆሰር ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት ከ2600 ዓመት በላይ ቀድሞ እንደኖረ የሚናገር ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። ልጁ ጠያቂ ከሆነ «ያኔ ማን ነበርና ቆጠረው?» ይላል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ «መጽሐፉ ስላለ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ቀድሞ የነበረው መንገድ የነገሥታቱን ዝርዝር መደመር ነው። ከልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የኖረው ማኔቶ የተባለ ግብጻዊ ካህን በግሪክ ቋንቋ ታሪክ ጽፎ ነበር፤ መጽሐፉ ራሱ ጠፍቶ ሌሎች ከእርሱ የቀዱት ብቻ ተርፏል። በጣሊያን ቱሪን ከተማ የሚገኝ የተቦጫጨቀ ፓፒረስም የነገሥታቱን ስምና የነገሡበትን ዘመን ይዟል። እነዚህን እየደመሩ ወደ ኋላ ይቆጥሩ ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገሥታት በአንድ ወቅት ነግሠው ከሆነ፣ ወይም አንድ ስም ከተቦጨቀው ክፍል ጋር ከጠፋ፣ ድምሩ ይዛባል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዊላርድ ሊቢ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ከፈተ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ከአየሩ ጋር ሲጋጭ ካርቦን 14 የተባለ፣ ጥቂት በጥቂት እየፈረሰ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት ይገኛል። ዕፅዋት ከአየር ይስቡታል፣ እንስሳት ዕፅዋቱን ይበላሉ፣ እኛም ከሁለቱም እንበላለን፤ ስለዚህ ሕይወት ያለው ሁሉ ይህ ካርቦን በአካሉ አለ። የሞተ ዕለት ግን መቀበሉን ያቆማል፤ ያለውም ይቀንሳል። በ5730 ዓመት ግማሹ ይቀራል፣ በሌላ 5730 ዓመት ደግሞ የግማሹ ግማሽ። ከመንገደኛ ከረጢት የቀረውን ስንቅ ዐይቶ ከቤቱ ከወጣ ስንት ቀን እንደሆነው እንደማወቅ ነው። 50,000 ዓመት ገደማ ካለፈው በኋላ ግን የሚለካ ነገር አይተርፍም ማለት ይቻላል። ድንጋይ ደግሞ ከመነሻው ሕይወት ስለሌለው በዚህ መንገድ አይለካም። ብዙ ሰው የፒራሚዱ ድንጋይ ራሱ የተለካ ይመስለዋል።

ሊቢና ባልደረባው ጄምስ አርኖልድ እ.ኤ.አ. በ1949 ዘዴውን የፈተኑት ዘመናቸው በታሪክ በታወቁ ዕቃዎች ነበር። አንዱ ከዚያው ከጆሰር መቃብር የተገኘ የግራር እንጨት ነው። ያስተውሉ፤ በዚያን ጊዜ ፈታኙ ታሪክ፣ ተፈታኙ ላቦራቶሪው ነበር። ውጤቱ ተቀራረበ፤ ሊቢም እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ይሁንና ልኬቱ እየተራቀቀ ሲሄድ ችግር ታየ። ከጥንቱ የግብጽ መንግሥት የተወሰዱ ዕቃዎች ዝርዝሩ ከሚለው ዘመን በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ያነሰ ዕድሜ አሳዩ። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። የዛሬ ሰው ቢጠየቅ ሳያመነታ ለላቦራቶሪው ይፈርዳል! ዳኛ ሆኖ የመጣው ግን ዛፍ ነው። በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ብሪስልኮን የሚባል የጥድ ዓይነት አለ፤ አንዳንዱ ከ4000 ዓመት በላይ በሕይወት ቆሟል። ዛፉ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ተመራማሪዎች የሕያዋኑን ቀለበት ከወደቁት ግንዶች ቀለበት ጋር እያገጣጠሙ ከ7000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቆጠሩ። ሃንስ ስዌስ በ1960ዎቹ ከእነዚህ ቀለበቶች የተወሰደ እንጨት ለክቶ ባወጣው ውጤት፣ በአየሩ ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠን በየዘመኑ እኩል እንዳልነበረ ታወቀ። ልኬቱ በዚህ ሲታረም የግብጽ ዕቃዎች ወደ ዝርዝሩ ዘመን ተጠጉ። ያ የተቦጫጨቀ ፓፒረስ ከመሣሪያው ይልቅ ለእውነት ቀርቦ ተገኘ።

የሐዲስ ዕውቀት ሊቃውንት አንድ ራዊ «ከእገሌ ሰማሁ» ሲል ሁለቱ የተወለዱበትንና የሞቱበትን ዓመት ይመረምሩ ነበር፤ ዘመናቸው ካልተገናኘ ወሬው ይወድቃል። እዚህም መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፦ ይህ እንጨት በእርግጥ ከንጉሡ ጋር ተገናኝቷልን?

እ.ኤ.አ. በ1984 ተመራማሪዎች ከፒራሚዶቹ የድንጋይ ማያያዣ ልስን ውስጥ የከሰል ፍንካች ለቅመው ለኩ። ውጤቱ ከታሪኩ በአማካይ 374 ዓመት ቀደመ! በ1995 በተደረገው ሁለተኛ ልኬት ልዩነቱ ከ100 እስከ 200 ዓመት ሆነ። የተሰጠውን ምክንያት ማገዶ ያስቸገራት እናት ወዲያው ትረዳዋለች። ግብጽ እንጨት የማይበዛባት አገር ናት፤ ሠራተኞቹ ያገኙትን አሮጌ እንጨት ሁሉ ሳያነዱ አልቀሩም። ከሰሉ የተናገረው ዛፉ ስለበቀለበት ዘመን ነው፤ እሳቱ ስለነደደበት ቀን የሚያውቀው የለም።

ስለዚህ በክሪስቶፈር ብሮንክ ራምዚ የተመራው የኦክስፎርድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ግንዱንና ከሰሉን ትቶ ዕድሜያቸው አጭር የሆኑ ዕፅዋትን መረጠ፦ የቅርጫት ሣር፣ የዘር ፍሬ፣ ከዕፅ የተፈተለ ጨርቅ። 211 ልኬቶች ከነገሥታቱ ቅደም ተከተል ጋር ተጣምረው ሲሰሉ፣ ጆሰር የነገሠው ከልደት በፊት ከ2691 እስከ 2625 ባለው ጊዜ፣ አዲሱ መንግሥት የሚባለውም የጀመረው ከ1570 እስከ 1544 ባለው ጊዜ ሆነ።

«ታዲያ የሙሳ (ዐ.ሰ.) ፈርዖን የትኛው ነው?» የሚል አይጠፋም። ካርቦን 14 ይህን አይመልስም። የአንድን አስከሬን ዘመን ቢነግረን እንኳ ስሙንና ሥራውን አይነግረንም፤ ቁርኣንም የፈርዖኑን የግል ስም አልጠቀሰም። በየመጽሐፉ «ሳይንስ አረጋገጠ» የሚለውን ረጋ ብሎ ማንበብ ይሻላል።

በቁርኣን ቅጂ ላይም ይኸው ደርሷል። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሁለት የቁርኣን ቅጠሎች ብራና ተለክቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆነ፦ ከ568 እስከ 645፣ ይኸውም እስከ ዑስማን (ረ.ዐ.) ኸሊፋነት መጀመሪያ፣ በ95.4 በመቶ እርግጠኝነት። ከእኛ ብዙዎች ተደሰቱ። ከሌላ ወገን ደግሞ 568 የሚለውን ይዘው «ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይነት በፊት የተጻፈ ሊሆን ይችላል» ያሉ ነበሩ። ሁለቱም የፒራሚዱን ከሰል ቢያስታውሱ መልካም ነበር። የተለካው ቆዳው ነው፤ የሚነግረንም እንስሳው የሞተበትን ዘመን ነው። ቀለሙ አልተለካም። ብራና ተዘጋጅቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጽሑፉ ከቆዳው ሊዘገይ ይችላል እንጂ ሊቀድመው አይችልም። የፊደል አጣጣል የሚያጠኑ አንዳንድ ባለሙያዎች፣ ቅጠሎቹ በፓሪስ ከሚገኙ 16 ቅጠሎች ጋር የአንድ መጽሐፍ ክፍል መሆናቸውን ዐይተው፣ ጽሑፉን ከ645 ጥቂት ዘግየት ያደርጉታል።