የአስተናጋጁን ደመወዝ ማን ይክፈል?

በዋሽንግተን ዙሪያ በሐበሻ ምግብ ቤት አስተናጋጅነት የሠራ ሰው ይህን ስሌት በቃሉ ያውቀዋል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ላይ ከተቀጠረ ባለቤቱ በሰዓት ሊከፍለው የሚገደደው 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ ቢገባ በ2025 10 ዶላር፤ ትንሽ ወደ ሰሜን ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ቢሠራ ደግሞ 4 ዶላር። ዶሮ ወጡ ያው ነው፣ ትሪው ያው ነው፣ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ የሚቃጠለው እግርም ያው ነው። ልዩነቱን የሚሞላው እንግዳው ቼኩ ላይ የሚጽፈው ቲፕ ነው።

እርግጥ ሕጉ ደመወዙና ቲፑ ተደምረው ከመደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ካነሱ ባለቤቱ ጉድለቱን ይሙላ ይላል። ነገር ግን የሚሰላው በሳምንት ነው። ማክሰኞ ማታ ቤቱ ጭር ብሎ ስድስት ሰዓት ቆሞ ያመሸ የቨርጂኒያ አስተናጋጅ ከባለቤቱ የሚደርሰው 12 ዶላር ከ78 ሳንቲም ነው፤ የቅዳሜው ቲፕ የማክሰኞውን ጉድለት ይሸፍናል ተብሎ ይታሰባል። ሳምንቱ ሙሉ ቢከፋስ? ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ያገር ልጅ ነው። ሠራተኛዋ እንደመጣች ማረፊያ የሰጣት፣ የሥራ ፈቃድ እስኪመጣላት የታገሣት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምታገኘው ሰው ነው። «ጋሼ፣ የዚህ ሳምንት ክፍያዬ አልሞላም» ለማለት አፏ አይፈታም። ሕጉ ጥያቄውን ያስቀመጠው በትከሻዋ ላይ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ይህ አሠራር እንዴት መጣ? ቲፕ አሜሪካ ውስጥ የበቀለ ነገር አይደለም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ አውሮፓን ጎብኝተው የተመለሱ ሀብታሞች ይዘውት የገቡ ልማድ ነው። ብዙ አሜሪካውያን ሲያዩት ተቆጥተው ነበር፤ ጌታና አሽከር የሌለበት አገር ነን በሚሉበት ምድር እጅ ዘርግቶ መቀበል ነውር ሆኖ ታያቸው። ዋሽንግተን ስቴት በ1909 ቲፕን በሕግ ከለከለ፣ ሚሲሲፒ፣ አርካንሳስ፣ አዮዋ፣ ሳውዝ ካሮላይናና ቴነሲ ተከተሉ። በ1926 ሁሉም ሕጎች ተሽረው አልቀዋል። ያሸነፈው ልማዱ ነው፣ ከልማዱ ጀርባም ትልልቅ ቀጣሪዎች ነበሩ።

ከነዚህ መካከል የፑልማን ኩባንያን ያህል ነገሩን ገልጦ የሚያሳይ የለም። ጆርጅ ፑልማን የመኝታ ባቡር ሠረገላዎቹን ሥራ ሲያስጀምር ለአስተናጋጅነት የቀጠራቸው ከባርነት በቅርቡ ነፃ የወጡ ጥቁሮችን ነበር። ተሳፋሪው በስማቸው አይጠራቸውም፤ በባለቤቱ ስም ሁሉንም «ጆርጅ» ይላቸው ነበር። አልጋ ያነጥፋሉ፣ ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደወል ይጠብቃሉ፣ ተሳፋሪው ሲተኛ ጫማውን ይወለውላሉ፤ የጫማ ቀለሙን የሚገዙት ግን ከገዛ ኪሳቸው ነው። ሙሉ የወር ደመወዝ ለማግኘት ወደ 400 ሰዓት መሥራት ወይም 11,000 ማይል መጓዝ ነበረባቸው። የደመወዙን ቀሪ ቲፕ ይሞላዋል የሚለው የኩባንያው አቋም ነበር።

በ1915 አንድ የፌዴራል መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ይህን አሠራር ሲመረምር ቀርበው ከመሰከሩት አንዱ የቀድሞው የፑልማን ፕሬዚዳንት ሮበርት ቶድ ሊንከን ነበሩ። የአብርሃም ሊንከን ልጅ ናቸው። አባትየው የባርነት ነፃ መውጫ አዋጁን ፈረሙ፤ ልጅየው ደግሞ ነፃ የወጡት ሰዎች ልጆች በተሳፋሪ በጎ ፈቃድ የሚኖሩበትን ኩባንያ መርተዋል። ሠራተኞቹ በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ፤ ከኩባንያው ጋር ስምምነት የተፈራረሙት ከ12 ዓመት ትግል በኋላ፣ በ1937 ነው። ከጠየቋቸው ነገሮች ዋናው በቲፕ ላይ ያልተንጠለጠለ፣ ተቆጥሮ የሚታወቅ ደመወዝ ነበር።

በዓመቱ፣ በ1938፣ አሜሪካ በሰዓት 25 ሳንቲም የሚል የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የደመወዝ ወለል አወጀች። ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች በአብዛኛው ከሕጉ ውጭ ቀሩ። በየባቡር ጣቢያው ሻንጣ የሚሸከሙት «ሬድካፖች» ግን ሕጉ ደረሰላቸው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ያለ ምንም ደመወዝ በቲፕ ብቻ ይኖሩ ነበር። ጣቢያዎቹ ታዲያ ለሠራተኞቹ አዲስ መመሪያ ሰጡ፦ በየቀኑ ያገኛችሁትን ቲፕ አስመዝግቡ፣ ከወለሉ ካነሰ ብቻ እኛ እንሞላለን። የፍሎሪዳው ጃክሰንቪል ጣቢያ ተሸካሚዎች ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በ1942 በአብላጫ ድምፅ ተፈረደባቸው። እንግዳው በፈቃዱ ለሠራተኛው የሰጠው ገንዘብ ቀጣሪው እንደከፈለው ተቆጠረ። የዛሬው የቨርጂኒያ አስተናጋጅ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም በሩቅ የሚመዘዘው ከዚህ ፍርድ ነው።

ኮንግረስ በ1966 ምግብ ቤቶችን ወደ ሕጉ ሲያስገባ ያንኑ መንገድ ተከተለ፤ ቀጣሪው ከወለሉ ግማሹን ከቲፕ ላይ እንዲቆጥር ተፈቀደለት። በ1991 የደመወዙ ወለል 4 ዶላር ከ25 ስለነበር ግማሹ 2 ዶላር ከ13 ሆነ። በ1996 መደበኛው ወለል ሲጨምር የአስተናጋጁ ግን እዚያው እንዲቆም ተደነገገ፤ ወለሉ 7 ዶላር ከ25 ሲደርስም ያ ቁጥር አልተነቃነቀም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቤት ኪራይ፣ ሽንኩርትና ቅቤ እየናሩ ይህ ቁጥር ብቻ ባለበት ቆሟል። ለዚህ እንደ ምክንያት የሚቀርብ አጥጋቢ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

የእኛ ሰዎች የገቡት በዚህ መሐል ነው። ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት በ1978 ዲሲ ውስጥ በሩን ከከፈተ ወዲህ አዳምስ ሞርጋንም፣ ዩ ስትሪትም፣ ናይንዝ ስትሪትም በሐበሻ ምግብ ቤት ታውቀዋል። ስለዚህ የዲሲ ሕዝብ የአስተናጋጁን ደመወዝ ከመደበኛው ጋር ለማስተካከል ሁለት ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ ክርክሩ እኛም ጓዳ ገባ። በ2018 ሕዝቡ «ይሁን» ሲል የከተማው ምክር ቤት በወራት ውስጥ ሻረው። በ2022 በሦስት አራተኛ በሚጠጋ ድምፅ በድጋሚ ጸደቀ፤ ደመወዙም ደረጃ በደረጃ እስከ 10 ዶላር ወጣ። በ2025 ክረምት ምክር ቤቱ ጭማሪውን ካስቆመ በኋላ ሕጉን ለወጠው። አሁን የታሰበው በ2034 ከመደበኛው ደመወዝ 75 በመቶ ላይ እንዲቆም ነው። ሁለት ጊዜ የተነገረ የሕዝብ ቃል እንዲህ ሲሸራረፍ ማየት ያሳዝናል።

የባለቤቶቹንም ጭንቀት አቃልዬ አላየውም። ባልና ሚስት የሚያስተዳድሩት ባለ አሥር ጠረጴዛ ቤት እንደ ትልቅ ኩባንያ ትከሻ የለውም። ጭማሪው ሲመጣ ብዙ የዲሲ ምግብ ቤቶች ቼኩ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ ጨመሩ፣ እንግዳውም «ታዲያ ቲፕ ለምን እተዋለሁ?» ማለት ጀመረ፤ በዚህ የተጎዱ አስተናጋጆች እንዳሉ አይካድም። ጥሩ ቲፕ የሚገኝበት ቤት ውስጥ ያሉት አስተናጋጆች ለውጡን መቃወማቸውም የሚገባ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ግን የጓዳው ሰው ይረሳል። ቀጣሪው ከቲፕ ላይ ደመወዝ የሚቆጥር ከሆነ፣ በፌዴራሉ ሕግ ወጥ ሠሪዋና ሳህን አጣቢው ከቲፑ መካፈል አይችሉም። ከንጋት ጀምራ ምጣድ ላይ ቆማ እንጀራ የምትጋግረው ሴት ቤቱን ቤት ያሰኘችው እሷ ሆና ሳለ ከጠረጴዛው ገንዘብ ድርሻ የላትም። በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ ማካፈልን የፈቀደው ቀጣሪው ለሁሉም ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ሲከፍል ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦሪገን፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኔቫዳ፣ ሞንታና፣ ሚኒሶታና አላስካ ለአስተናጋጅ የተለየ ዝቅተኛ ደመወዝ የላቸውም። በሲያትልና በሎስ አንጀለስም የሐበሻ ቤቶች አሉ፤ ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለ ቲፕም አልቀረም። በ2025 በወጣው ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ ባለ ቲፕ ሠራተኞች እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው ላይ እንዲቀንሱ እስከ 2028 ፈቅዷል። ደስ የሚል ነው፤ ቢሆንም የተነካው የመንግሥት ድርሻ እንጂ የቀጣሪው ግዴታ አይደለም።

አዲስ አበባስ? በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አንቀጽ 53 ደመወዝ የማይባሉትን ክፍያዎች ሲዘረዝር ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። ይህ በሁለት በኩል ይቆርጣል። የስንብት ክፍያ በሚሰላበት ቀን ያቺ አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አትታሰብም፤ በሌላ በኩል ግን ባለ ሆቴሉ የእንግዳውን ገንዘብ እያሳየ ደመወዝ ከፍያለሁ ሊል አይችልም። የጃክሰንቪል ተሸካሚዎች ጠይቀው ያጡት በአገራችን ሕግ ተጽፎ ይገኛል። የጎደለው ወለሉ ነው፤ አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም አዘዘ እንጂ ቁጥር አላስቀመጠም። ቁጥሩ ጠረጴዛ ላይ በቀረበ ቀን «የእኛ ልጆች ጉርሻ ያገኛሉ፣ እሱ ይቆጠርልን» የሚል የሆቴል ባለቤት መምጣቱ አይቀርም። የሠራተኛ ማኅበራት ያን ቀን አንቀጽ 53ን ይዘው እዚያው ወንበር ላይ መገኘት አለባቸው።